የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንን ማን ይመርምረው? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል እናት (ደሴ፣ ሸዋበር)

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በየትምህርት ቤቱ እየገባ ደረጃ የሚሰጠውን የኢንስፔክሽን ሥራ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ራሱ አንስቶ በጥልቀት ሊመረምረው ይገባል ወይስ ለትምህርት ሚኒስቴር ይተወው? እኔ መመርመር አለበት ባይ ነኝ።

ማዕቀፉ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። 26 ስታንዳርዶች አሉት። ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ይባላል። ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ደረጃ 1 እና 2 ከስታንዳርዱ በታች ናቸው። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት ኢንስፔክተር ገብቶባቸው ስንት ደረጃ ተሰጣቸው? ምክር ቤቱ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አምጡልኝ ቢል እኮ ብዙ ነገር ይታያል። ደረጃ 3 ተብሎ አንድም ልጅ ያላሳለፈ ካለ መለኪያው ችግር አለበት። ሁሉም ደረጃ 1 ከነበሩ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። እያወቃችሁ ምን አደረጋችሁ? ልጆቻችን የተቀመጡት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።

ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር (ደሴ፣ ሮቢት)

ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ኢንስፔክሽን ሐኪም ቤት እንዳለ የሙቀት መለኪያ ነው። ትኩሳቱን ይነግርሻል፣ መድኃኒቱን አይሰጥሽም። መድኃኒቱ የወረዳው፣ የከተማው ትምህርት መምሪያ፣ የክልሉ ቢሮ፣ የወላጁም ነው። ለኢንስፔክተሩ በጀት አልተሰጠውም። ቤተ ሙከራ የለም ብሎ ጻፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ ምን ያድርግ?

ሌላም ነገር አለ። ምክር ቤት ገባ ማለት ፖለቲካ ገባ ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ ነገ አዲስ አበባ ተጠርቼ እጠየቃለሁ ብሎ ካሰበ እውነቱን አይጽፍም። ሁሉም 68 እና 69 ላይ ይቆማል። አንዱንም አያስከፋም፣ ለማንም አይጠቅምም።

የፊዚክስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር ነው የምናገረው። የሙቀት መለኪያው ትክክል ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርንዎት ነበር። እኛ ያየነው ሌላ ነው።

ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው ሲባል ትምህርት ይቆማል ማለት ይቻላል። መምህሩ ሁሉ ቦክስ ፋይል ያዘጋጃል። የተማሪ አደረጃጀት ቃለ ጉባኤ፣ የክበባት ዕቅድ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት አቴንዳንስ፣ የግለ ግምገማ ሰነድ። ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ወደ ኋላ ቀን ተሰጥቶት ይጻፋል። ያልተሰጠ ማጠናከሪያ ትምህርት ፊርማ ይሟላል። ተማሪዎች ምን ብለው እንደሚመልሱ ይነገራቸዋል። ኢንስፔክተሮቹ መጡ፣ ፋይሉን አገላበጡ፣ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ተመለከቱ፣ ሄዱ። ነጥቡ ጥሩ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሴሚስተር ለ11ኛ ክፍል አንድም የፊዚክስ ሙከራ አላሳየሁም፤ ዕቃው አልነበረማ!

ስለዚህ ምክር ቤቱ ይጠይቅ የምለው ይህን ነው። ስንቱ ነጥብ ከወረቀት የመጣ ነው? ስንቱ ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጁ ማንበብ መቻሉን ከማየት? መምህር በደንብ የሚያስተምር፣ ፋይሉ ግን የተዝረከረከ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ፋይሉ ያማረ ይሸለማል። ይህ የመምህሩን ሞራል ይገድላል።

የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት (ደሴ)

የመምህሩ ነገር እውነት ነው። ቢሆንም ርዕሰ መምህሩ የሚሸከመውን ጫና አትርሱ። ደረጃ ዝቅ ካለ ስም ይጠፋል፣ ወላጅ ልጁን ያወጣል፣ ለእኛ ለግሎቹ ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አለ። ፋይል የሚደረደረው ከክፋት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ኦፍስቴድ የሚባል ከ1992 ጀምሮ ያለ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት አለ። (የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ለአንድ ትምህርት ቤት በአንድ ወይም በሁለት ቃል ጠቅላላ ፍርድ ይሰጥ ነበር፤ እጅግ የላቀ፣ ጥሩ፣ መሻሻል ያስፈልገዋል፣ ብቁ ያልሆነ። ሩት ፔሪ የምትባል የሬዲንግ ከተማ ርዕሰ መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤቷ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሊወርድ መሆኑን ካወቀች በኋላ በጥር 2023 ራሷን አጠፋች። የሞቷን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኢንስፔክሽኑ ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ብላ ወሰነች። የፓርላማው የትምህርት ኮሚቴ የኦፍስቴድን ሥራ ሲመረምር ቆይቶ በጥር 2024 ሪፖርቱን አወጣ። በአንድ ቃል መፍረድ ይቅር፣ ሌላ አማራጭ ይፈለግ አለ። የቅሬታ ሥርዓቱንም ነቀፈ። በመስከረም 2024 የአንድ ቃሉ ጠቅላላ ፍርድ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቀረ።

እኔ በምክር ቤቱ ምርመራ የምስማማው ለዚህ ነው። ኮሚቴው ኢንስፔክተሮችን ሲጠይቅ ርዕሰ መምህራንንና መምህራንንም ይስማ። እኛ ላይ የሚደርሰውን ከእኛ ይስማ።

ሱፐርቫይዘሩ

እህቴ፣ ያሳዝናል፣ ነፍስ ይማር። ግን የእንግሊዝን ይዘን ወደ እኛ ማምጣት አይሆንም። እነሱ ችግራቸው መለኪያው መጥበቁ ነው። የእኛ ችግር መለኪያው መላላቱ ነው። በእኛ አገር ደረጃ 1 በመሆኑ የተዘጋ የመንግሥት ትምህርት ቤት እኔ አላየሁም። ርዕሰ መምህሩም ቢበዛ ይዛወራል።

የወተመህ አባል እናት

ጋሼ፣ እሱን ነው እኮ የምለው! በእነሱ ጠበቀ፣ በእኛ ላላ። ሁለቱም ሕዝብ ፊት ሲጠየቅ ነው የሚታወቀው። እነሱ በፓርላማ ስለጠየቁ አወቁት።

የሕግ ባለሙያ (ደሴ፣ ፒያሳ)

እኔ ሥልጣኑ ላይ ላተኩር፣ ክርክሩ እዚያ ላይ እየተንሸራተተ ስለሆነ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ የትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛ የማውጣቱን ሥራ ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። መመዘኛው የፌዴራል ከሆነ ስለ መመዘኛው የሚጠየቀው ፌዴራሉ ነው። እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ደሴ ያለን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። መምህሩን የሚቀጥረው፣ ክፍሉን የሚሠራው ፌዴራል አይደለም። የጠፋው ጣሪያ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ያለበት ባሕር ዳር ያለው የክልል ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለአንድ ምክር ቤት ብቻ ካቀረብን አንዱ ወደ ሌላው ይገፋናል። ሚኒስቴሩ ክልሉ ነው ይላል፣ ክልሉ በጀት የለኝም ይላል።

ከእንግሊዙ ታሪክ እኔ የምወስደው ሌላ ነጥብ ነው። ኦፍስቴድ በትምህርት ሚኒስቴራቸው ሥር ያለ ክፍል አይደለም። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነው፣ በቀጥታ ለፓርላማ ሪፖርት ያደርጋል። በእኛ አገር ኢንስፔክሽኑ ለዓመታት የሚኒስቴሩ ዳይሬክቶሬት ነበር። መጽሐፍ ማቅረብ ያለበትም መጽሐፍ አልቀረበም ብሎ መመዝገብ ያለበትም አንድ ቤት ሆነ። አሁን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተቋቁሟል። እሱም ቢሆን ተጠሪነቱ ለሚኒስቴሩ ነው። ራሱን የሚገመግም አካል ግኝቱን የሚያለሳልሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ አለቃውን እየገመገመ ስለሆነ ነው። ምክር ቤቱ ከምንም በፊት ይህን አወቃቀር ያንሳ።

የፋብሪካ ሠራተኛ ወላጅ (ኮምቦልቻ)

እኔ ሕግ አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ስንት ደረጃ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ወላሂ ሦስት ልጅ አስተምሬያለሁ፣ አንድም ቀን አልተነገረኝም። ስብሰባ ይጠሩናል፣ ብር አዋጡ ይሉናል። አዋጥተናል፣ አላጉረመረምንም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ዴስክ ሲሰባበር፣ በር ሲነቀል፣ መዝገብ ሲበተን፣ ከኪሳችን አውጥተናል። ያኔ ደረጃውስ ቢነገረን ምን ነበረበት? ገንዘባችን ደረጃውን ከ1 ወደ 2 ያሳድገው አያሳድገው እናውቅ ነበር።

በዚያ ላይ ጦርነት የገባበትን ትምህርት ቤት ጦርነት ካላየው ጋር በአንድ መለኪያ መለካት ፍትሕ ነው ወይ? ይህንንም ምክር ቤቱ ይጠይቅልኝ።

የፊዚክስ መምህር

የመጨረሻው ላይ ወንድሜ ትንሽ ልለይህ። መለኪያው አንድ መሆን አለበት። የደሴ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚፈተነው ያንኑ ፈተና ነው። ማንም ጦርነት ነበረባችሁ ብሎ ነጥብ አይጨምርለትም። መለየት ያለበት እርዳታው ነው። ዝቅ ብሎ የተገኘው ብዙ ይሰጠው።

ደረጃው ለወላጅ ይነገር በሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። በር ላይ ይለጠፍ።

የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት

በር ላይ መለጠፉን እቃወማለሁ። ከእንግሊዝ የነገርኳችሁ እኮ ለዚህ ነበር። አንድ ቁጥር በር ላይ ከተለጠፈ ልጆቹም ደረጃ 1 ተብለው ይጠራሉ። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ የሌለው ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ይብስበታል። ሙሉ ሪፖርቱ በወላጆች ስብሰባ ይነበብ። በግብዓት ይህን ያህል፣ በሂደት ይህን ያህል፣ በውጤት ይህን ያህል ተብሎ። ያኔ ወላጁ የትኛው የመምህሩ፣ የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የራሱ ድርሻ እንደሆነ ይለያል።

የወተመህ አባል እናት

በስብሰባ ይነበብ የሚለው ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። ግን ስብሰባ የሚመጣው ስንት ወላጅ ነው? የቀን ሠራተኛዋ፣ ጉልት የምትቸረችረዋ አትመጣም። ለሷም ይድረሳት።

ሱፐርቫይዘሩ

እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበል፣ አንዱን ግን አልለቅም። ሪፖርቱ ለወላጅ ይድረስ፣ ይህ መብት ነው። ምክር ቤቱም አሠራሩን ይጠይቅ። የማልለቀው ይህን ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ነጥብ ውስጥ የምክር ቤት አባል እጁን እንዳያስገባ። የእኔን መራጭ ትምህርት ቤት ለምን ደረጃ 1 አላችሁት የሚል ስልክ መደወል ከተጀመረ ኢንስፔክሽን አለቀለት። እኔ ከወረዳ አመራር እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልኝ ያውቃል።

የሕግ ባለሙያ

ጋሼ፣ ይህ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ለዚህ ነው ስልክ ሳይሆን ይፋ የሆነ ስብሰባ የሚያስፈልገው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት (ሥራው ግቡን መምታቱን የሚያይ ምርመራ) ሲሠራ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ በይፋ ይጠይቃል፣ ጋዜጠኛ ይገኛል። ኢንስፔክሽኑም በዚህ መንገድ ቢሄድ ጥያቄው ስለ አንድ ትምህርት ቤት አይሆንም። ስለ ናሙናው፣ ስለ ኢንስፔክተሩ ሥልጠና፣ ከግኝቱ በኋላ ስለተወሰደው እርምጃ ይሆናል። ኦዲተሩ የተወሰኑ ትምህርት ቤቶችን ሳይነግር ገብቶ የተሰጠውን ነጥብ ከመሬት ላይ ካለው ጋር ያመሳክር። መምህሩ ያነሳው የቦክስ ፋይል ነገር በዚህ ይጋለጣል።

የፊዚክስ መምህር

ሳይነግር መግባቱ ላይ አጥብቄ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር። መምህሩ ስሙ ሳይጠቀስ ቃሉን የሚሰጥበት መንገድ ይኑር። አሁን ኢንስፔክተሩ ሲጠይቀን ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነው። ማን ይናገራል?

የወተመህ አባል እናት

እንግዲህ ሁለት ደብዳቤ እንጻፍ። አንዱ ደሴንና ኮምቦልቻን ወክለው ፌዴራል ምክር ቤት ላሉት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። ለፌዴራሉ፦ የ2014 እና የ2015 የፈተና ውጤትና የየትምህርት ቤቱ የኢንስፔክሽን ደረጃ ጎን ለጎን ይቅረብ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለማን ተጠሪ መሆን እንዳለበት ውይይት ይደረግ። ለክልሉ፦ ደረጃ 1 ለተባሉት ምን በጀት ተመደበ? ጦርነት የጎዳቸውስ? ለሁለቱም፦ ሪፖርቱ ለወላጅ ይድረስ። የሕጉን ቋንቋ ወንድማችን ያስተካክለው።

የፋብሪካ ሠራተኛ ወላጅ

እኔ እፈርማለሁ። ከፈረቃ ስወጣ ሌሎች ወላጆችንም አናግራለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ሱፐርቫይዘሩ

ስለ ነጥቡ ጣልቃ ገብነት ያልኩት በደብዳቤው ውስጥ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም። በግልጽ ይጻፍ።

የሕግ ባለሙያ

ይጻፋል ጋሼ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አስገባዋለሁ፣ ረቂቁን መጀመሪያ ለእርስዎ እልካለሁ።