ከእንግሊዝ ወደ ቪክቶሪያ የተሻገሩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው፦ በ1850ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ) አውስትራሊያ ውስጥ ወደነበረው የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት የሄዱ 40 እንግሊዛውያንን መርጠን ወላጆቻቸውንና እንግሊዝ የቀሩትን ወንድም እህቶቻቸውን እንፈልጋለን። መነሻችን የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ቢሆንስ?

መዝገብ ፈታሽ፦
የመርከቡ ይቆይ፣ የሞት መዝገብ ይቅደም። ቪክቶሪያ ከሐምሌ 1853 ጀምሮ ሟችን ስትመዘግብ የአባትና የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ በቅኝ ግዛቱ የኖረበትን ዘመንና የልጆቹን ስም ትጠይቅ ነበር። የእንግሊዝ የሞት መዝገብ በዚያ ዘመን የአዋቂ ሟች ወላጆችን አይጽፍም። ስለዚህ እንግሊዝ የቀረው ወንድም እናት ማን እንደነበረች የሚነግረን ብዙ ጊዜ የስደተኛው ወንድሙ ወረቀት ነው። የመርከቡ መዝገብ ደግሞ ዕድሜ ላይ ያታልላል፤ የጉዞ ድጋፍ የሚሰጠው በዕድሜ ገደብ ስለነበር ዓመት የሚቀንሱ ነበሩ።

ሌላ አባል፦
እስማማለሁ፤ ግን «አስመዝጋቢ» የሚለው ዓምድ፣ ማለትም ሞቱን መጥቶ የተናገረው ሰው ስም፣ የግድ ይገልበጥ። አስመዝጋቢው እዚያው ቅኝ ግዛት የተወለደ ልጅ ከሆነ አያቱን አይቷት አያውቅም፣ የሰማውን ነው የተናገረው። የማደሪያ ቤት ባለቤት ከሆነ ደግሞ የወላጅ ቦታው «አይታወቅም» ተብሎ ይቀራል። ያኔ አብሮት የተሻገረ ወንድም ወይም እህት ካለ የእነሱን ሞት መፈለግ ነው።

መዝገብ ፈታሽ፦
ልክ ነዎት፣ ይግባ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ እንሻገር። የመጋቢት 1851 ሕዝብ ቆጠራ የተወለዱበትን አጥቢያና ከቤቱ አባወራ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይጽፋል። የ1841ዱ ዝምድና አይጽፍም፤ ከ15 ዓመት በላይ ያለውንም ዕድሜ በአምስት አምስት ዝቅ እንዲያደርጉ ቆጣሪዎቹ ታዘው ነበር፤ የ34 ዓመቱ ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። አጥቢያው ከታወቀ የክርስትና መዝገቡ ይከፈታል። ከ1813 ወዲህ ባለው የታተመ ቅጽ የወላጆች ስም፣ መኖሪያና የአባት ሥራ አለ። ስም ስትፈልጉ «ሃሪስ»ን «አሪስ» ብላችሁም ሞክሩ፤ ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው።

ሦስተኛ አባል፦
አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅ። ክርስትናው ተገኘ ብለን አንዝጋ፣ የቀብር መዝገቡም ይታይ። ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር። በ1822 የተጠመቀው ጆን በ1824 ተቀብሮ ከሆነ የእኛ ሰው በኋላ የተወለደው ጆን ነው። ይህን የዘለለ የቤተሰብ ሐረግ ከሥሩ የተበላሸ ነው።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ አንቀጽ 3ን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «የሞት መዝገብ ከነአስመዝጋቢው ዓምድ፣ ቆጠራ፣ ክርስትና፣ ቀብር፣ በመጨረሻ መርከብ። ዝምድና የሚመዘገበው አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ ሲኖር ነው። እያንዳንዱን የመዝገብ ምስል ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል፤ ካልተስማሙ ሁለቱም ንባብ ይቀመጣል።» በ40ው ፋንታ በ10 ሰው እንጀምር የሚል ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።