ሃይጂያ ድንክ ፕላኔት ትባል ወይስ አስትሮይድ ሆና ትቅር?

የመወያያ ጥያቄው አቅራቢ፦
በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ (አስትሮይድ የሚባሉት ከፕላኔት ያነሱ ዓለታማ አካላት ፀሐይን በሚዞሩበት ስፍራ) ውጨኛ ክፍል የምትዞረውን ሃይጂያን እ.ኤ.አ. በ1849 ኔፕልስ ላይ ያገኛት አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ ነው። ዲያሜትሯ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በቀበቶው ውስጥ በትልቅነት አራተኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በቺሊ ፓራናል ላይ በሚገኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ያጠኗት ተመራማሪዎች ቅርጿ ክብ ለመባል የቀረበ መሆኑን ይፋ አደረጉ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ፕራግ ላይ ባጸደቀው ትርጓሜ መሠረት ድንክ ፕላኔት ማለት ፀሐይን የሚዞር፣ የሌላ አካል ጨረቃ ያልሆነ፣ በራሱ ስበት የከበበ፣ ምሕዋሩን ግን ከሌሎች አካላት ያላጸዳ ነው። ሃይጂያ ይህን ሁሉ ስለምታሟላ ስሙ ይገባታል ባይ ነኝ።

የጂኦሎጂ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ክብ መሆኗን አልክድም፤ የምጠይቀው ክብ ያደረጋት ምን እንደሆነ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከ75 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አካል መትቷት ሙሉ በሙሉ ፈራርሳ ነበር። ወደ 7,000 የሚጠጉ ስባሪዎቿ ዛሬም ከእሷ ጋር በተቀራረበ ምሕዋር ይዞራሉ። የቀረው ፍርስራሽ ተመልሶ ሲሰበሰብ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ስለነበር ክብ ቅርጽ ያዘ። እንግዲህ ክብነቷ የግጭቱ ውጤት እንጂ የመጠነ ቁሷ ማስረጃ አይደለም። በዚያው ቀበቶ ያለችው ሌላዋ አስትሮይድ ቬስታ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዛ፣ በመጠነ ቁስም ከሃይጂያ በልጣ ሳለ፣ በደቡብ ዋልታዋ ላይ 500 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሬያሲልቪያ የተባለው ጉድጓድ ቅርጿን ስላጎደለው ብቻ ስሙን ተነፍጋለች። ትልቋን ትተን ትንሿን የምንሾምበት ምክንያት አይታየኝም።

የፊዚክስ መምህር፦
ተማሪው ያነሣው ነጥብ የክርክሩ እምብርት ስለሆነ በደንብ ልመልስበት። ፍርስራሹን መልሶ የሰበሰበው ስበት ነው፤ ክብ አድርጎ ያስቀመጠውም ያው ስበት ነው። ግጭቱ ያደረገው የዓለቱን ጥንካሬ መስበር ብቻ ነው፤ ጥንካሬው ከተሰበረ በኋላ ቁሱን ከየአቅጣጫው ወደ መሃል የሚስበው ኃይል ከውጭ አልመጣም። ትርጓሜው ደግሞ ክብነቱ በየትኛው ዘመን፣ በምን አጋጣሚ መምጣት እንዳለበት አይናገርም።

የምስሉን ነገር ግን ሳላነሣ አላልፍም። ለተማሪዎቼ በስክሪን ሳሳያቸው የሚታየው ጠርዙ የደበዘዘ ግራጫ ክብ ነው። ለምድር በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ ሃይጂያን ማየት ማለት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተያዘ የአንድ ብር ሳንቲም የማየት ያህል ነው። ከዚያ ርቀት ላይ የሬያሲልቪያን ያህል ጉድጓድ ፈልገው አለማግኘታቸውና ሁለት ጉድጓዶችን ብቻ መለየታቸው የሚደነቅ ሥራ ነው። ቢሆንም ፊርማ ከማኖሬ በፊት መንኩራኩር ቀርቦ ቢለካት እመርጣለሁ።

የጂኦሎጂ ተማሪ፦
መምህር፣ ስበት መሆኑን ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ እርስዎ ባሉት መንገድ ከሄድን ቬስታም ሬያሲልቪያን ከፈጠረው ግጭት በፊት ድንክ ፕላኔት ነበረች፣ ከተመታች በኋላ ደግሞ መሆኗ ቀረ ማለት ነው። አንድ አካል በአንድ ምት ስም የሚያገኝ፣ በሌላ ምት የሚያጣ ከሆነ፣ ስሙ የሚገልጸው የአካሉን ተፈጥሮ ሳይሆን የመጨረሻውን ግጭት ዕድል ነው።

የመወያያ ጥያቄው አቅራቢ፦
ይህ ተቃውሞ የፕራጉን ትርጓሜ እንጂ ሃይጂያን የሚነካ አይመስለኝም። ኅብረቱ እስካሁን ድንክ ፕላኔት ብሎ እውቅና የሰጣቸው ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ኤሪስ፣ ሃውሚያና ማኬማኬ በዚሁ መስፈርት ተመዝነው ነው የገቡት፤ የሃይጂያ ክብነት ከሴሬስ የማይተናነስ መሆኑ ከተለካ በኋላ እሷን ብቻ በሌላ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይደለም። ለቬስታ የሚቆረቆር ሰው ትርጓሜው እንዲሻሻል ሐሳብ ያቅርብ፤ እኔም እደግፈዋለሁ።