ድንኩ ፋኖስ ሻርክ ለምን ያበራል?

ጥያቄ፦
ከሻርኮች ሁሉ ትንሹ እንደሆነ ስለሚነገርለት ድንክ ፋኖስ ሻርክ ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ርዝመቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ማንኛውም ትልቅ ዓሣ ሊውጠው የሚችል ፍጥረት ሆኖ ሳለ ሆዱ በጨለማ ያበራል። መደበቅ ሲገባው ለምን ብርሃን ያወጣል? የሚኖረውስ የት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
የሚያበራው ለመደበቅ ነው። በ1985 በሳይንስ የተመዘገበው ይህ ዝርያ የሚገኘው በካሪቢያን ባሕር፣ በኮሎምቢያና በቬንዙዌላ ዳርቻ፣ ከ283 እስከ 439 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ነው። እዚያ ድረስ ቀን ቀን ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ከላይ ስለሚወርድ፣ ከበታች ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት አዳኝ ማንኛውም ዓሣ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል። በሻርኩ ሆድ ቆዳ ላይ የተበተኑት ጥቃቅን ብርሃን አመንጪ አካላት ከላይ ከሚወርደው ጋር የሚመሳሰል ብርሃን ሲሰጡ ግን ያ ጥላ ይጠፋል። በጎኑና በጅራቱ ላይ ያሉት ምልክቶች የራሱን ዝርያ ለመለየት ሳይጠቅሙት አይቀሩም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ብርሃኑ በቅጽበት የሚበራና የሚጠፋ እንዳይመስልዎ። በአጥንታማ ዓሦች ዘንድ ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው ነርቭ ሲሆን በፋኖስ ሻርኮች ግን ሆርሞን ነው። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን በሚኖረው ዘመዱ፣ በኤትሞፕቴረስ ስፒናክስ ላይ በተደረገ ምርምር፣ ሜላቶኒን ብርሃኑን ቀስ ብሎ አስነስቶ ለረጅም ጊዜ ሲያቆየው፣ ፕሮላክቲን ፈጥኖ አብርቶ ቶሎ እንደሚተወው ታይቷል። በእያንዳንዱ ብርሃን አመንጪ አካል ፊት ያሉት ቀለም ያዘሉ ሕዋሳት እንደ ዓይን ብሌን የብርሃኑን መውጫ ያሰፋሉ፣ ያጠባሉ። ሜላቶኒን በእንቁራሪቶችና በሌሎች እንስሳት ቀለሙን ሰብስቦ ቆዳን እንደሚያገረጣ ለሚያውቅ ሰው፣ እዚህም ያው አሠራር ለሌላ ተግባር መዋሉ ብዙ አያስገርምም።

መልስ 3፦
«ትንሹ» የሚለው አባባል ጥንቃቄ ይሻል። ስኳሊዮለስ ላቲካውደስ የተባለው ሌላ የጥልቅ ባሕር ሻርክ ወንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለርቢ ስለሚደርስ፣ መለኪያው የትልቁ ርዝመት ነው ወይስ ለአቅመ ርቢ የሚበቃበት የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ድንኩ ፋኖስ ሻርክ እንቁላሉ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ 2 ወይም 3 ግልገሎች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነው ይወለዳሉ፤ ይህም ከእናቲቱ ርዝመት ሩብ በላይ ነው። ስለዚህ መኖሪያው ጠባብ ለሆነ ዝርያ፣ ለገበያ ባይፈለግም እንኳ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ መያዙ ቀላል ጉዳት አይደለም።