የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሲስተም፦ «ደብተሬን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባልኝ» ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ጀማሪው ከሙጋድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነው ያለሁት። አክስቴ የሰርግና የለቅሶ ዕቃ ያከራያሉ። ድንኳን፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ሰሃን፣ ብረት ድስት፣ የሙሽራ ሶፋ፣ ምን ቅጡ። ሁሉም የሚያዘው በአንድ ጥቁር ደብተር ነው። ባለፈው ጥር አንዱ ትልቅ ድንኳን ለሁለት ሰርግ ተሰጥቶ፣ ሁለቱም ወገን በአንድ ጠዋት መኪና ይዘው ከች አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው «ሲስተም ሥራልኝ» የተባልኩት።

ወረቀት ይዤ «ፍላጎትዎን ይንገሩኝ» ብላቸው መልሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። «ልጄ፣ ደብተሬን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባልኝ።»

እስካሁን ዩዝ ኬዝ ዲያግራም (ማን በሲስተሙ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሥዕል) ሥያለሁ። አክተሮቹ ደንበኛና አድሚን ናቸው። ክላሶቹ (መረጃ የምይዝባቸው ዓይነቶች) ዕቃ፣ ደንበኛ፣ ኪራይ። ዕቃው ላይ «ብዛት» አለ፤ ሲወጣ እቀንሳለሁ፣ ሲመለስ እደምራለሁ። ግን 600ውን ወንበር በ600 መስመር ነው የምመዘግበው ወይስ በአንድ? ዲያግራሙ ላይ ኢንክሉድና ኤክስቴንድ የሚባሉት ቀስቶችም ይምታቱብኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአክስቴ አፍ ከዚህ የተሻለ ነገር እንዴት ላውጣ?

ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። «ፍላጎትዎ ምንድን ነው» ተብሎ የሚመልስ ነጋዴ እኔም አላየሁም። ደብተሩን ፎቶ አንሳ። አንድ ሳምንት ከጥር፣ አንድ ሳምንት ከክረምት። ከዚያ የተሰረዘውን፣ የተከበበውንና በዳር የተጻፈውን እያሳየህ «ይሄ ለምን ተሰረዘ?» በላቸው። አክስትህ ስለ ሲስተም አያወሩ ይሆናል፤ ስለዚያ ስርዝ ግን ግማሽ ሰዓት ያወሩልሃል።

ኮድ ጸሐፊው

እኔ የማየው ትልቁ ስህተት «ብዛት» ላይ ነው። «ሲወጣ እቀንሳለሁ» ስትል የምትቆጥረው ዛሬ መጋዘን ያለውን ነው። አክስትህን የሚጠይቋቸው ግን ስለዛሬ አይደለም። «ለጥር 21 ወንበር አለ ወይ?» ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 600 ሳይነካ ይቀመጥ። ነጻው ብዛት በየቀኑ ከትእዛዞቹ ይሰላ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንዱ ከጥር 10 እስከ 12 ድረስ 300 ወንበር ይዟል። ሌላው ከ13 እስከ 15 ሌላ 300። አሁን አንድ ሰው ከ10 እስከ 15 ድረስ 250 ፈለገ። ቀናቸው የሚደራረበውን ትእዛዞች ሁሉ ዝም ብለህ ከደመርክ 850 ይመጣብህና «የለም» ትላለህ። ቀን በቀን ብትቆጥረው ግን በየትኛውም ቀን ከ550 አይበልጥም። ደንበኛ ሸኘህ ማለት ነው፣ በባዶ ሜዳ።

ድንኳኑ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መጠንና ቁጥር ስላለው በስም ይመዝገብ። ለእሱ ጥያቄው ቀኖቹ ይጋጫሉ አይጋጩም ብቻ ነው። አዲሱ የሚወጣበት ቀን ከነባሩ መመለሻ ካላለፈ፣ ነባሩ የሚወጣበትም ከአዲሱ መመለሻ ካላለፈ፣ ተጋጭተዋል። ስለዚህ በአንድ «ዕቃ» ክላስ ሁለቱን አትጠቅልል። በብዛት የሚቆጠርና በቁጥሩ የሚታወቅ ብለህ ለይ።

ቴክ ወዳጁ

እኔ ግን 600ውንም በ600 መስመር እላለሁ። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፍ፣ ሲወጣ ስካን፣ ሲገባ ስካን። የጠፋው የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።

አከራዩ ከሐይቅ

ወንድሜ ሳቅኩ፣ አትቀየመኝ። ያ ስቲከር አንድ ለቅሶ አይሻገርም። ወንበር ተቆልሎ በአይሱዙ ይጫናል፣ በሌሊት ይራገፋል። ማን ስካን ያደርጋል? 400 ወጣ፣ 394 ገባ፣ የ6 ይከፈል። ሥራችን ይሄው ነው።

አንተ ልጅ፣ እኔ ኮድ አልችልም፤ በዚህ ሥራ ግን ብዙ ቆይቻለሁ። ደብተር ላይ የማይጻፍ ነገር ልንገርህ። ዝናብ የመታው ድንኳን ተመለሰ ማለት ይከራያል ማለት አይደለም። እስኪደርቅ ይቆያል፣ አለዚያ ይሻግታል። ሰሃንም እስኪታጠብ እንደዚያው ነው። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ይደወላል። ቅሬው (የሰፈሩ እድር) የራሱ ድንኳን ቢኖረውም ሰው ሲበዛ ከእኛ ይጨምራል። ያን ሰዓት «መጀመሪያ መታወቂያ ያስይዙ» የሚል ሲስተም ብትሠራ አክስትህ ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ።

ብረት ድስቱንስ ጠይቀሃቸዋል? እኔ ጋ የሙስሊምና የክርስቲያን ድስት ለየብቻ ነው። አገሩ ወሎ አይደል፣ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ማዕድ ይሰናዳል። 40 ድስት አለ ብሎ ሲስተሙ ቢነግረኝ ለእኔ ምንም አልነገረኝም።

የስርዓት ትንተና አስተማሪ

ስለ ዲያግራሙ ባጭሩ። አክተር ማለት ሲስተሙን በቀጥታ የሚነካ ነው። የእናንተ ደንበኛ ወይ ይደውላል ወይ በር ላይ ቆሞ ያወራል፤ ኮምፒዩተሩን የሚነኩት አክስትህ ወይም ረዳታቸው ናቸው። ስለዚህ ደንበኛው ዳታህ ውስጥ ይኖራል፣ እንደ አክተር ግን ይውጣ።

ኢንክሉድ ሁልጊዜ የሚሆን ነው። ዕቃ ሲመለስ መቁጠር አይቀርም፤ ስለዚህ «መመለስ» «መቁጠር»ን ኢንክሉድ ያደርጋል፣ ቀስቱም ከ«መመለስ» ወደ «መቁጠር» ይሄዳል። ኤክስቴንድ አንዳንዴ የሚሆን ነው። «የጎደለ ማስከፈል» ሲጎድል ብቻ ነው የሚመጣው፣ ቀስቱም ከእሱ ወደ «መመለስ» ይዞራል። ተማሪዎቼ ሁሌ የሚገለብጡት ይህንን ነው።

ቀብድና መያዣን ደግሞ በአንድ ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) እንዳታስቀምጥ። ቀብድ ከኪራዩ ላይ ይታሰባል፣ መያዣ ተመላሽ ነው።

ከኮምቦልቻ

አንድ ረስቼ። ቀኑን ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ብቻ አስቀምጥ፣ ስክሪኑ ላይ በእኛው አሳይ። ልወጣውን በእጅህ በመደመር እንዳትሠራው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ይሆናል። ሰዓቱም ያው ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት ይጫን» የተባለውን እኔ በአንድ ሥራ ላይ እኩለ ቀን አድርጌ መዝግቤ፣ ሙሽራው ቆሞ ጠበቀ። እስካሁን ይነሳብኛል።

ጠያቂ (ጀማሪው ከሙጋድ)

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ቅዳሜን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ዋልኩ። ወረቀቴን ደብቄ ወንበር እያቀበልኩ።

ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ለለቅሶ መጡ። አክስቴ አንድ ድንኳንና 200 ወንበር ሰጧቸው። ገንዘብ የለ፣ መታወቂያ የለ። ደብተሩ ላይ የቅሬውን ስም ብቻ ጻፉ። «ዋጋውስ?» ብላቸው «ሀዘን ላይ ዋጋ ይወራል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ ተከራይ ግለሰብ ወይም ቅሬ ሊሆን ይችላል አልኩ። ዋጋና መያዣ ባዶ ሆነው ማለፍ ይችላሉ። የትእዛዙ ሁኔታም «ተያዘ፣ ወጣ፣ በከፊል ተመለሰ፣ ተዘጋ፣ ተሰረዘ» ሆነ። ከድንኳኑ ጎን ደግሞ «እየደረቀ» ጨመርኩ።

አከራዩ ከሐይቅ፣ ድስቱን እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ይሄን የማያውቅ አለ?» አሉኝ። ከዚያ አንዱን አንስተው ጆሮው ላይ ያለችውን ቀይ ቀለም አሳዩኝ። ቀለም ያለው የአንዱ፣ የሌለው የሌላው ነው። እዚያ ሱቅ በልጅነቴ ስመላለስ ኖሬ ዝገት ትመስለኝ ነበር። ማታ ቴብሉ ላይ አንድ ኮለም ጨመርኩ።