በነሐሴ ከእናቴ ጋር የስኮትላንድን ሰሜን ዳርቻ በመኪና ለመዞር ሰባት ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (ለንደን)

ሰላም ወገኖች። ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለውን የስኮትላንድ መንገድ የነዳችሁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ከኢንቨርነስ ተነስቶ ባህሩን ይዞ ዞሮ እዚያው የሚመልሰውን ማለቴ ነው። 516 ማይል ስለሆነ ሰባት ቀን ተርፎ የሚተርፍ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ሳቀብኝ። እሱ ሥራ ስላለበት አይሄድም፣ መሳቅ ብቻ ነው።

የምንሄደው እኔ፣ ሁለቱ ልጆች (9 እና 6 ዓመት)፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ (67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል) እና ከቨርጂኒያ የሚመጣው ወንድሜ ነን። የሚነዳው እሱ ነው። በግራ በኩል ነድቶ አያውቅም። ቀኑ ከኦገስት 8 እስከ 15 ነው። አዎ፣ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። እናቴ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም።

ቀኑ ይበቃል? በየት በኩል ልጀምር? ያ "ቢያላክ ና ባ" የሚሉት ዳገትስ የግድ ነው? ቪዲዮውን ሳየው ሆዴን ባር ባር አለው። እናቴስ ምን ትበላለች?

መልስ፦ የሊማሊሞ ልጅ (ግላስጎ)

እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ነድቼዋለሁ። ማይሉን አትቁጠሪ። ምዕራቡና ሰሜኑ ላይ ብዙው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በሰዓት 30 ማይል ከሄድሽ ጎበዝ ነሽ። በግ መሀል መንገድ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል፣ ጥሩንባም አያስነሳውም። ልጆቹም በየባህር ዳርቻው ውረዱልን ይላሉ።

እኔ ብሆን ሙሉውን አልዞርም። ከኢንቨርነስ በምዕራብ በኩል ወጥቼ አፕልክሮስ፣ ቶሪዶን፣ ኡላፑል፣ ከዚያ እስከ ደርነስ እሄዳለሁ። ከደርነስ በሌርግ በኩል መሀል ለመሀል ቆርጬ እመለሳለሁ። ውበቱ ያለው ምዕራቡ ላይ ነው። አፕልክሮስ አንድ ሌሊት፣ ኡላፑል አካባቢ ሦስት፣ ደርነስ ሁለት፣ የመጨረሻዋ ኢንቨርነስ። በየቀኑ ሻንጣ ከማሰር ያድንሻል።

ወንድምሽ ይቺን አንድ ነገር ከገባችው ሌላው ቀላል ነው። በየጥቂት ርቀቱ መንገዱ ሰፋ ይልና "ፓሲንግ ፕሌስ" የሚል ነጭ ምልክት ይቆማል። ከፊት መኪና መጣ እንበል። ማሳለፊያው በግራው ከሆነ ገብቶ ይቁም። በቀኙ ከሆነ ግን እንዳይሻገር! ትይዩው ላይ ሲደርስ ባለበት ይቁም፣ ያኛው ይገባበታል። ከኋላው ሰው ከተደረደረም እዚያው ቆሞ ያሳልፍ፤ የአገሬው ሰው ሥራ ላይ ነው። ፎቶ ለማንሳት እዚያ ማቆም ነውር ነው። ሲያሳልፉት ደግሞ እጁን አንሳ ያድርግ፣ እዚያ ይሄ እንደ እግዜር ሰላምታ ነው።

መልስ፦ ስፖኪዮ የከፈለ (በርሚንግሃም)

ከላይ ያለው ወንድሜ መኪናዋን ረሳት። እዚህ አገር ኪራይ ላይ ዝም ካልሽ ማንዋል ሊሰጡሽ ይችላሉ። ወንድምሽ ማርሹን በግራ እጁ ሊቀይር ነው፣ በማያውቀው መንገድ። አውቶማቲክ ብለሽ አሁኑኑ ያዢ። ትልቅ መኪናም አትፈልጊ። እኔ ለምቾት ብዬ ሰፊውን ወስጄ በሁለተኛው ቀን የግራ ስፖኪዮዬን ከድንጋይ አጥር ጋር አጋባሁት። አከራዩ የጠየቀኝን ገንዘብ ለእናቴ አልነገርኳትም። የግራው ጎን ነው የሚያታልለው፤ በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው ጠርዙን አይለካውም። እስኮርታ መኖሩንም እይ፣ ብዙ አዳዲስ መኪና የለውም።

ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ይሞላ። ካርታውንም ስልክሽ ላይ አውርጂ፣ ኔትወርክ በየሸለቆው ይጠፋል። ወንድምሽ ማታ ቢራ ቢጤ የሚል ከሆነ ደግሞ ጠዋት ይጠንቀቅ። በስኮትላንድ ለሹፌር የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው፣ ከ2014 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም። እንግሊዝ 80 ነው።

መልስ፦ ሽሮ በሻንጣ (ኤድንብራ)

የእናትሽን ነገር ለኔ ተዪው፣ እኔም እናቴን በፍልሰታ ይዤ ሄጃለሁ። ምግብ ቤት ላይ ተስፋ አታድርጊ። አሳና ድንች ነው፣ አሳው ደግሞ በፍልሰታ አይሆንም። (ይሆናል የሚል ካለ እዚህ አንጨቃጨቅ።) ኩሽና ያለው ቤት ተከራዪ። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ክክ ከለንደን ያዢ። እንጀራው በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፣ ለእናቴ ፍርፍር አደረግኩላት። ለሽንኩርትና ለዳቦ ኢንቨርነስም ኡላፑልም ቴስኮ አለ፤ ከኡላፑል በላይ ትንንሽ ሱቅ ብቻ ነው፣ እሁድ ቶሎ ይዘጋል። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም መንዳቱን ጠዋት ጨርሰን ከሰዓት ቤት እንገባ ነበር። ብርሃኑ በኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ ምንም አይቀርባችሁም።

ማደሪያውን ግን ዛሬ ያዢ። ኦገስት ላይ በሩ ድረስ ሄዶ አልጋ መጠየቅ አይሰራም።

ሌላው ትንኝ ነው። ሚጅ ይሉታል፣ ከነጥብ አይበልጥም፣ በመንጋ ይመጣል። ነፋስ ከሌለ ንጋትና ምሽት ላይ አያስቀምጥም። የፊት መረብ ለአምስታችሁም ግዢ። እናቴ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከሁላችን ተሻለች።

ለጉልበቷ የሚስማማው አክሜልቪች ነው፣ ነጭ አሸዋው ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ነው። ሳንድውድ ቤይን ተዉት፣ ለመሄድ ብቻ አራት ማይል በእግር ነው።

መልስ፦ የዳር አገር ወዳጅ (አበርዲን)

ምሥራቁን እንዲህ አታጣጥሉት እንጂ! ደንካንስቢ ሄድ ላይ ከባህር የወጡትን ሹል ዐለቶች ያላየ ምኑን አየ? ስምንተኛ ቀን ካገኘሽ ሂጂ። ጆን ኦግሮትስ በምትባለው የዳር መንደር ምልክቱ ሥር ፎቶ ለመነሳት ብቻ ከሆነ ግን አይቆጭሽ። የዋናው መሬት ሰሜናዊ ጫፍ እሱ ሳይሆን ደኔት ሄድ ነው።

ጠያቂዋ እንደገና፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በደርነስ በኩል እንመለሳለን። ዳገቱን የመለሰልኝ ግን የለም። ለእናቴ ቪዲዮውን ባሳያት "ሊማሊሞን በአውቶቡስ ያለፍኩ ሴት በዚህ ልፈራ ነው?" ብላኝ እርፍ። አሁን እሷ ናት የግድ የምትለው።

የሊማሊሞ ልጅ፦

እማማ ይኑሩልን! ከፍታው 626 ሜትር ነው፣ ከአዋሽ ከተማ እንኳ ያንሳል። ግን ከባህር ወለል ተነስቶ ነው የሚወጣው፣ ኩርባው ደግሞ ጥምዝ ነው። መግቢያው ላይ ለለማጅና ለትልልቅ መኪና አይመከርም የሚል ሰሌዳ አለ። ወንድምሽ በግራ መንዳት ከጀመረ ገና አንድ ቀኑ ስለሚሆን፣ መጀመሪያ በሺልዴግ በኩል ባለው የባህር ዳር መንገድ አፕልክሮስ ግቡ። እዚያ እደሩ። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ካለ ዳገቱን ከአፕልክሮስ በኩል ውጡት፣ ይሄኛው ወገን ቀለል ይላል። ጫፉ ላይ መኪና ማቆሚያ አለ፤ ስካይ ደሴትን እዩና በመጣችሁበት ተመለሱ። ጭጋግ ከሆነ ግን እማማ ቢቆጡም በባህር ዳሩ ቀጥሉ።