ድርቅ የሚችል የካሊፎርኒያ አገር በቀል ወይን፦ ለአእዋፍ በሚመች ግቢ እንዴት ይተከላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልን። የምንኖረው በካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ከተማ ነው። በግቢያችን የነበረው ሣር ውኃ ስለሚፈጅ ካስነሣነው ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ በምትኩ የተከልናቸው ሳልቪያና አገር በቀል ቁጥቋጦዎች ንቦችንና ወፎችን መሳብ ጀምረዋል። አሁን የከሰዓት ፀሐይ በሚያነደው በምዕራቡ አጥር ላይ የካሊፎርኒያን የዱር ወይን ለመትከል አስበናል። ይሁንና ይህ ወይን በተፈጥሮው የወንዝ ዳር ተክል መሆኑን ስናነብ ግራ ተጋባን። የወንዝ ዳር ተክል ድርቅን እንዴት ይችላል? በችግኝ መሸጫ ያየነው «ሮጀርስ ሬድ» የተባለውስ እውነተኛው አገር በቀል ነውን? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1

የካሊፎርኒያ ወይን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቪቲስ ካሊፎርኒካ፣ በሰሜንና በመካከለኛው ካሊፎርኒያ እንዲሁም በደቡብ ምዕራብ ኦሪገን በጅረት ዳር የሚበቅል መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእነዚያ ጅረቶች ብዙዎቹ በበጋ ስለሚደርቁ ተክሉ የሚኖረው ሥሩን ወደ ጥልቅ አፈር ሰድዶ እዚያ የቀረውን እርጥበት እየሳበ ነው። ስለዚህ ድርቅን የሚችለው ሥሩ ከጠለቀ በኋላ እንጂ በተተከለ ማግስት አይደለም። እኔ በኖቬምበር፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ተከልሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ቀን የውኃውን ጎማ በቀጭኑ ከፍቼ ለሰዓታት እተወው ነበር፤ አፈሬ ዋልካ ስለሆነ ውኃው የሚሰርገው በዝግታ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። መሬቱን በእንጨት ፍቅፋቂ ይጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

አጥርዎን አስቀድመው ይፈትሹ። ሐረጉ 10 ሜትር ያህል ሊወጣ ስለሚችል ያረጀ የእንጨት አጥር ክብደቱን አይሸከምም። ቅጠሉ ረግፎ ሳለ፣ በጃንዋሪ፣ ሳይሳሱ ይግረዙት፤ ወፎች ጎጆ መሥራት ከጀመሩ በኋላ ግን መቀስዎን ያስቀምጡ።

መልስ 2

«ሮጀርስ ሬድ» ሮጀር ሬይች የተባሉ የዕፅዋት ባለሙያ በሶኖማ ካውንቲ ያገኙት ነው። ለብዙ ጊዜ ንጹሕ አገር በቀል ተደርጎ ሲሸጥ ቢቆይም፣ የዘረመል ምርመራ ከቪቲስ ካሊፎርኒካና «አሊካንት ቡሼ» ከተባለው የአውሮፓ ወይን የተዳቀለ መሆኑን አሳይቷል። በመጸው ቅጠሉ እንደ ደም የሚቀላው ከዚያ ወገኑ በወረሰው ነው፤ የንጹሑ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ወፎች የሁለቱንም ፍሬ ይበላሉ፤ ዓላማዎ የአገሩን ዘር ማቆየት ከሆነ ግን ንጹሑን እንዲፈልጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ንጹሑን ሲገዙ ጾታውን ይጠይቁ። የዱር ወይን ወንዱና ሴቷ በተለያየ ሐረግ ላይ ናቸው። በፀደይ አበባውን ቀረብ ብለው ቢያዩ፣ በሴቷ አበባ መካከል ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ኋላ ፍሬ የሚሆን አረንጓዴ ጉብታ አለ፤ በወንዱ ላይ የሚታዩት ረጃጅም ክሮች ብቻ ናቸው። ወንድ ብቻ የተከለ ሰው ዘለላ አያይም። ከሴት ሐረግ በክረምት የተቆረጠ፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) ያለው እንጨት በቀላሉ ሥር ስለሚያወጣ ከጎረቤት ማግኘትም ይቻላል።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ፍሬው ሲበስል መረብ ማልበስ ያስፈልጋልን? ቅጠሉን የሚበላ ትል ቢመጣስ?

መልስ 1

እባክዎ መረብ አያልብሱት፤ ወፍ ተጠላልፎ ሲሞት አይቻለሁ። ፍሬው ትንሽና ዘሩ የበዛ በመሆኑ ለእኛ ከጥቂት ማርማላታ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ሞኪንግበርድ፣ ሮቢንና ሲዳር ዋክስዊንግ ለተባሉት ወፎች ግን ቀለብ ነው። ያረጀው ግንድ የሚልጠውን ቅርፊትም አይጥረጉት፤ ወፎች ለጎጆ ይወስዱታል። በጎኑ ሰያፍ ነጭ ምልክቶች ያሉት ትልቅ አባጨጓሬ ቢያገኙ የአኬሞን የእሳት ራት ልጅ ነው። የጠና ሐረግ ጥቂት ቅጠል ቢያጣ አይጎዳም። አባጨጓሬው ወደ እሳት ራትነት የሚለወጠው አፈር ውስጥ ገብቶ ስለሆነ ከሐረጉ ሥር ያለውን መሬት አይቆፍሩ።

ውሻ ካለዎት ግን የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ይልቀሙ፤ ወይን የውሻን ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል።