ለተራራ ብስክሌት ምን ያህል ብር ልመድብ?

ቅዳሜና እሁድ የእንጦጦን አቀበት የምወጣበት የተራራ ብስክሌት ለመግዛት 60,000 ብር ያህል ብይዝም፣ መወሰን ስላቃተኝ ልምድ ያላችሁን ምክር እጠይቃለሁ። በዚህ ዋጋ የፊትና የኋላ ሞላ ያለው አዲስ ብስክሌት አግኝቻለሁ፤ ሆኖም የኋላ ሞላው ሲጫኑት ሲጥ ሲጥ ከማለቱም በላይ ክብደቱ ለአቀበት የሚሆን አልመሰለኝም። ሌላው አማራጭ ከውጭ የገባ ያገለገለ ትሬክ የተባለ የብስክሌት ብራንድ ሲሆን፣ አካሉ ቀላል አሉሚኒየም፣ ፍሬኑም በዘይት የሚሠራ ዲስክ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቦታ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ፍሬን ይመስለኛል። ነገር ግን ሻጩ ከ85,000 ብር አልቀንስም ብሏል (የራስ መከላከያ ቆብ ገና አልገዛሁም)፤ ጎማው 29 ኢንች በመሆኑም መለዋወጫው በቀላሉ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ልዩነቱን ጨምሬ እሱን ልግዛ፣ ወይስ በያዝኩት ብር የፊት ሞላ ብቻ ያለው አዲስ ልፈልግ? ያገለገለውን ብመርጥስ ሰንሰለቱንና ጥርሶቹን ለማስቀየር ምን ያህል ልያዝ?